ሞቶ ያለ ጠበቃ

ሰው ጫማ ሲገዛ እንኳ ሁለት ሱቅ ይዞራል፤ ያጠልቀዋል፣ ይራመድበታል፣ "ይጠበኛል" ብሎ ይመልሰዋል። ጠበቃ ግን ተለክቶ አይገዛም። ጠበቃ የሚፈለገው ነገር ከተበላሸ በኋላ ስለሆነ ያገኙትን አጥልቆ መሮጥ ነው። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝና ቃል መሰንጠቅ ይቀናኛል፤ ተማሪዎቼም በዚህ ያሙኛል። "ጠበቃ" የመጣው ከ"ጠበቀ" ነው። ጠበቃ ይጠብቃል። የሚጠብቀው እናንተን ይሁን የእናንተን መውደቅ ግን ሰዋስው አይነግራችሁም።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው በልጄ በረድኤት ጉዳይ ነው። ረድኤት እዚሁ አሰላ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ክፍላቸው ቢሮ የፈተና ወረቀት ተሰረቀ። በሩ አልተሰበረም፤ በቁልፍ ነው የተከፈተው። የክፍሏ ተወካይ ስለሆነች አንዱ ቁልፍ እሷ ጋ ነበር፤ ያውም ግቢ ውስጥ ባለው ዶርሟ በተሰቀለው ቀይ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ። የሕንፃው ጥበቃ "ቀይ ጃኬቷን ለብሳ ስትገባም ስትወጣም አይቻታለሁ" ብሎ ፈረመ። ፊቷንስ ቢሉት "ኮፍያውን አጥልቃው ነበር፣ ፊት አልታየኝም" አለ። በዚህች ፊት በሌላት ጃኬት የተነሳ ልጄ ላይ ሁለት ክስ መጣ፤ አንዱ በፖሊስ በኩል የስርቆት፣ ሌላው በዩኒቨርሲቲው የዲሲፕሊን ኮሚቴ። በአንዱ ትታሰራለች፣ በሌላው ትባረራለች። ባለቤቴ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች "ጃኬቱ ብቻውን ነው እንዴ የሄደው?" ትለኝ ነበር። እኔንም ቁጣ ቁጣ ይለኝ ጀመር።

ረድኤት እዚያ እንዳልነበረች አውቅ ነበርና። ያኔ ለማንም ያልተናገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ያን ቅዳሜ ማታ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደውሎ "ልጅህን በቆጂ መናኸሪያ አየኋት፤ አንድ ልጅና እናቱ ይሸኟት ነበር" አለኝ። ልጁ አማን እንደሚባል፣ አብሯት እንደሚማር፣ ቤተሰቦቹ ሙስሊሞች እንደሆኑ አጣርቼ ዝም አልኩ። እኔ የማርያም ማኅበር ጠጪ፣ የእድር ጸሐፊ፣ የተከበርኩ መምህር! ሰኞ ፖሊሶች ቤቴ መጥተው "ቅዳሜ የት ነበርሽ?" ሲሏት እሷ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምኩ። "ቤት ነበረች፤ ከእኔ ጋር ስንጫወት ነው የዋልነው" አልኩ። ረድኤት ዞር ብላ አየችኝ። እንደማውቅ ገባት። "አዎ፣ ቤት ነበርኩ" አለች፣ ድምፅዋ ሳይወጣ። ልጄ ሌባ ከምትባል በቆጂ ሄዳለች ብትባል እንደሚሻል አሁን ማንም ያውቀዋል፤ እኔ ግን ሚዛኑን ገልብጬ ያዝኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ውሸቴ ደግሞ የአስተማሪ ውሸት እንኳ አልነበረም። በዚያው ቅዳሜ፣ በዚያው ዘጠኝ ሰዓት እኔ የእድር ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ቃለ ጉባኤው በገዛ እጄ ጽሕፈት ተጽፎ፣ በገዛ ፊርማዬ ተዘግቶ ተቀምጧል። አንድ ሰው መዝገቡን ቢገልጠው ልጄም እኔም አብረን አለቀልን።

ጠበቃ ፍለጋ የወጣሁት እንግዲህ ይህን በሆዴ ይዤ ነው። አሰላ ምክር አይነጥፍባትም፤ የብስክሌቴን ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ ሳይቀር ጠበቃ ጠቁሞኛል። የመጀመሪያው ድሮ ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ተናግሬ ሳልጨርስ "ወጥታለች በሏት!" አሉኝ። ያኔም ሳይሰሙ ነበር የሚፈርዱት ማለት ነው ብዬ ደንግጬ ወጣሁ። ሁለተኛው ባለ ሁለት ስልክ ጎረምሳ ነው፤ ወንጀሉን አንቀጽ በአንቀጽ ተነተነልኝ፣ የኮሚቴውን ጉዳይ ሳነሳ ግን "እሱ አስተዳደራዊ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም" አለ። ከወገብ በላይ ብቻ የሚያክም ሐኪም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሦስተኛው የጎበሳ ተወላጁ አቶ ቃሲም ናቸው፤ ድሮ መምህር ነበሩ፣ የወንጀሉንም የተማሪውንም ጉዳይ ይይዛሉ። አገሬው "አቡካቶ ቃሲም" ይላቸዋል፤ አቡካቶ ያው ጠበቃ ነው። በመልክ አውቃቸዋለሁ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሰው ናቸው። ስደውልላቸው ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። "ረቡዕ ከሰዓት ቤት ይምጡ፣ መምህር፤ ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴው ፊት እንቆማለን" አሉኝ።

ረቡዕ ብቻዬን ሄድኩ። ረድኤት በዋስ ወጥታ ቤት ነበረች፤ ግን ጠበቃው ፊት እውነቱ ቢያመልጣትስ ብዬ ጥያት ወጣሁ። የአቶ ቃሲም ግቢ ስደርስ እግሬ ቆመ። ጫማ። ከደጃፉ እስከ አጥሩ የተደረደረ ጫማ፤ የወንድ፣ የሴት፣ ጭቃ የያዘ ቦት። ከውስጥ ሳቅ የለ፣ ጨዋታ የለ፤ ብዙ ሰው ባንድ ላይ የሚያጉተመትመው ድምፅ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። ነጭ የተከናነቡ ሴት ብቅ አሉ። "አቶ ቃሲም አሉ?" አልኳቸው። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው በኦሮምኛ አንድ ነገር አንሾካሾኩ። እኔ የሰማሁት "ዱኤ ጂራ" ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት አርሲ ኖሬ ኦሮምኛዬ ዛሬም ከድንችና ከሽንኩርት አያልፍም። ይህችን ግን በየለቅሶው ሰምቻታለሁ። "ዱኤ" ሞቶ ማለት ነው፤ "ጂራ" ደግሞ አለ ማለት ነው። ሞቶ አለ! መጀመሪያ የሰማኋት ቀን ጀርባዬን ቀዝቅዞኝ ነበር፤ የሞተ ሰው እንዴት ይኖራል? ኋላ ሰዋስው ሳስተምር የእኛም "ሞቷል" ሲፈታ ያው "ሞቶ አለ" መሆኑ ድንገት ታየኝ፤ ያን ዕለት ጠመኔዬን አስቀምጬ ደወል ሳይደወል ከክፍል ወጣሁ። ሞተ ባልን ቁጥር አለ እያልን መሆናችንን ልብ የሚል ሰው የለም።

"እግዜር ያጽናችሁ" አልኳቸው። ሴትዮዋ ዓይናቸውን አፍጥጠው ቀሩ። እኔም ኮፍያዬን አውልቄ እጅ ነሣሁና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ስነግራት ባለቤቴ አማተበች። ባለ ሁለት ስልኩን ጎረምሳ በሁለቱም ስልኩ ደወልኩለት፤ ሁለቱም ዝግ ናቸው።

ሐሙስ ጠዋት ጭላሎ ተራራ ጭጋጉን ከተማው ላይ ለቆታል። ረድኤት ስሟን ልታስመዘግብ ወደ ውስጥ ገባች፤ እኔ ከዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆምኩ። ያለ ጠበቃ ነው የምንቀርበው። ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ረጅም ሰው ቀስ ብሎ ሲወጣ አየሁ። አቶ ቃሲም ናቸው።

ከባሕር ዛፉ ግንድ ጋር ተለጠፍኩ። የበሩ ጥበቃ ሰውን ሁሉ ይፈትሻል፤ እሳቸውን እንዳላየ አሳለፋቸው። አፍና አንገታቸው በነጭ ፎጣ ተጠቅልሏል። በዚያ ብርድ ከሁሉም አፍ እንፋሎት ይወጣል፤ ከጥበቃው፣ ከተማሪዎቹ፣ ከእኔም። ከእሳቸው አይወጣም። እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ጨበጥኩት፤ በረዶ። በአሰላ ጠዋት የማን እጅ ይሞቃል? እንዲህ የምለው ግን አሁን ነው። ያኔ ሙታን እህል አይቀምሱም ሲባል የሰማሁትን አስታውሼ "ሻይ ልጋብዝዎ?" አልኳቸው።

"ዛሬ አልበላም፣ አልጠጣም" አሉ በሹክሹክታ። "መምህር፣ ጊዜ የለንም። እኔም ብዙ አልቆይም። የደበቁኝን ይንገሩኝ።"

ለድሮው ዳኛ የዋሸሁ፣ ለጎረምሳው የዋሸሁ፣ ለፖሊስ የዋሸሁ እኔ፣ ከወዲያ የመጣ ሰው ፊት ምላሴ ታዘዘልኝ። ቤት እንዳልነበረች ነገርኳቸው። በቆጂን ነገርኳቸው፣ አማንን ነገርኳቸው፣ ቃለ ጉባኤውን ነገርኳቸው። የእድሩን ድንኳን ቀድጄ በነፋስ ያሳበብኩት እኔ መሆኔንም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ጨመርኩላቸው። አቶ ቃሲም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉዱን ሁሉ ካራገፍኩ በኋላ ፍርሃቴ ትንሽ ቀለል ብሎኝ "እዚያ ማዶ… እንዴት ነው?" አልኳቸው።

"የት?"

"ደርሰው የመጡበት።"

የአንገታቸውን ፎጣ አስተካከሉ። "ጨለማ ነው" አሉ። "ከዚያ ስምዎን ይጠሩዎታል። ይመለሳሉ።"

አቶ ቃሲም ልጄን አስጠርተው "ቅዳሜ በቆጂ ማን ቤት ነበርሽ?" አሏት። ረድኤት እኔን አየችኝ። "ንገሪያቸው" አልኳት። እዚያው ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጣ እያለቀሰች ነገረቻቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለእኔ ክብር ብላ ሌባ ተብላለች።

ኮሚቴው በአቶ ቃሲም ጥያቄ ለከሰዓት ቀጠረን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአማን እናት አዴ ሩቂያ ከበቆጂ በሚኒባስ ደረሱ። ያን ቅዳሜ የታላቅ ልጃቸው የኒካ ጋብቻ ነበር፤ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶውን አሳዩ። ቀኑም ሰዓቱም አለበት፤ ወረቀቱ የተሰረቀበት ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ፎቶው ላይ ልጄ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ የሰው ጋቢ ለብሳለች። "ለበቆጂ ብርድ ያለ ጃኬት መጣች" አሉ አዴ ሩቂያ፣ አቶ ቃሲም እየተረጎሙላቸው፤ "አንዘፈዘፋት፤ ጋቢዬን ደረብኩላት።" የኮሚቴው ሰብሳቢ "ልጅቷ ምንዎ ናት?" ሲሏቸው የመለሱትን አቶ ቃሲም እስኪተረጉሙት አልጠበቅኩም። ልጄ ናት ነው ያሉት። እኔ አባቷ እስከዚያ ቀን እንዲህ ደረቴን ነፍቼ ተናግሬላት አላውቅም ነበርና አንገቴን ደፋሁ።

ኮሚቴው በነጻ አሰናበታት፤ ዐቃቤ ሕጉም ኋላ መዝገቡን ዘጋው። ጃኬቱን ለብሳ የገባችው ማን እንደሆነች እስካሁን አልታወቀም። ፖሊስ ጃኬቱን መልሶላት ነበር፤ ረድኤት ግን አልወስድም ብላ ትታው መጣች።

ያን ዕለት ስንወጣ ልጄን ጥግ አስይዤ "እኚህ ሰው ትናንት ሞተዋል" አልኳት። የሰማሁትን ነገርኳት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "አባዬ፣ 'ዱኣ ኢራ ጂራ' ነው ያሉህ! ዱኣ ላይ ናቸው፤ ጸሎት ላይ!" ለካ አቶ ቃሲም ጉሮሯቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ ከማደንዘዣው ነቅተው፣ ድነው ስለገቡ ጎረቤት ተሰብስቦ ዱኣ እያደረገላቸው ነበር። ፎጣውም፣ ሹክሹክታውም ከዚያው ነው፤ ብዙ እንዳይቆሙም ሐኪም አዝዟቸዋል። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ይጾማሉ።

ንዴትም እፍረትም አንድ ላይ ያዘኝና አቶ ቃሲምን ጠየቅኋቸው። አልደበቁኝም። "ባለቤቴ ነግራኛለች" አሉ። "አንድ መምህር መጥቶ ያንተን ለቅሶ ደርሶ ሄደ አለችኝ። ጠዋት ላርምዎ አስቤ ነበር። ፊትዎን ሳይ ግን ተውኩት። ሠላሳ ዓመት ጠበቃ ሆኜ አንድ ሰው እንኳ መጀመሪያ ሲመጣ እውነቱን ነግሮኝ አያውቅም።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎኔ ውስጥ ቆመዋል፤ ተቀመጡ ካልተባልን አንቀመጥም ብለው። መካከለኛው አቶ ቃሲም ናቸው። "ዛሬ ለእርስዎ አልቆምኩም፣ መምህር" አሉኝ። "የአማን አባት ልከውኝ ነው።" ባለቤቴ ወንበሩን አስቀድማ ደርድራው ነበር፤ እሷም ለካ ታውቃለች። ጎበዝ ጠበቃ መምረጥ መዘዙ ይኸው ነው፤ ሌላውም ሰው ይመርጠዋል።

አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ተናገርኩ፤ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ ማኅበር፣ ሰው ምን እንደሚል። በደንብ ነው የተናገርኩት፤ ለክፍል ቢሆን ያስጨበጭባል። አቶ ቃሲም ፊታቸውን ሳያጠቁሩም ሳያበሩም ሰሙኝ። ባለቤቴ ከሰጠቻቸው ውሃ ጎንጨት አሉ፤ ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ እንደ ማንኛችንም በሕይወት ያለ ሰው ናቸው።

"ያለችን እሷ አንዲት ናት" አልኩ በመጨረሻ። የአቶ ቃሲምን ብርጭቆ መልሼ ሞላሁ። "በቆጂ ደግሞ ሩቅ ነው።"

በቆጂ በሚኒባስ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ማንም አልሳቀብኝም።