ለአይ ሩቅያ ቤት የተፈለገ ቅጽል

እንግሊዞች «ናይስ» የሚሏት ቃል አለቻቸው። መቼም ታውቋታላችሁ። ምግቡም ናይስ ነው፣ አየሩም ናይስ ነው፣ ጫማችሁም ናይስ ነው፤ አማታችሁ እንኳ፣ በደንብ ካላወቃችኋቸው፣ ናይስ ናቸው። ማመልከቻ ይዛችሁ ሄዳችሁ «አይቻልም» ብሎ የሚመልሳችሁ ሰውዬም ቢሆን በሩ ድረስ ሸኝቶ ናይስ ቀን ይመኝላችኋል። የቃላትን የዘር ሐረግ የሚቆጥሩ ሰዎች እንደሚሉት ደግሞ፣ ይህችው ቃል ዱሮ ዱሮ «ጅል» ማለት ነበረች። እንዴት እንዳለፈላት እንጃላት! ከጅልነት ተነስቶ ለትልቅ ማዕረግ የበቃ ሰው እኔም አውቃለሁ፤ ግን ስም አልጠራም።

እኔ ሐረር ውስጥ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር የኖርኩት ከዚህች ቃል ጋር ስጣላ ነው። ተማሪው ስለ እናትህ ጻፍ ሲባል «እናቴ ናይስ ናት»፣ ስለ ላማችሁ ጻፍ ሲባል «ላማችን ናይስ ናት» ይላል። ኧረ በፈጠራችሁ፣ እናትና ላም በአንድ ቃል ይታለፋሉ? እቆጣለሁ። ከዚያ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እደረድርላቸዋለሁ፤ ለጠባይ ካይንድ፣ ለመልክ ፕሪቲ፣ ለምግብ ዲሊሸስ፣ ለቦታ ቻርሚንግ እያልኩ። ጡረታ ስወጣ ያ ሁሉ ቃል ሥራ ፈትቶ ከእኔው ጋር አቦከር ሰፈር እቤቴ ተቀመጠ። አንድ ቀን የሚስቴን ወጥ «ዲላይትፉል ነው» ብላት «ጨው በዛ ለማለት ነው?» ብላ ኮስተር አለችብኝ።

እና አይ ሩቅያ ሲያስጠሩኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ። «አይ» በሐረሪ እናት ማለት ነው። ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ባጃጅ ቀርቶ ሁለት ወፍራም ሰዎች ጎን ለጎን በማያልፉበት መንገድ ላይ፣ ከአያት ቅድመ አያት የወረሱት ቤት አላቸው። ልጆቻቸውን ድረው ጨርሰው ብቻቸውን ቀርተዋል። የመጨረሻው ልጃቸው ነስሩ የእኔ ተማሪ ነበር (ላሟን ናይስ ካሉት አንዱ)፤ አሁን ድሬዳዋ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል።

«ቲቸር፣ ነስሩ ቤቱን ቆልፌ ድሬ እወስድሻለሁ አለኝ» አሉኝ ገና ከመቀመጤ። «ብቻዬን መሆኔን አልወደደውም። ክፍሎቹን ለእንግዳ አከራያለሁ፣ ሰው አላጣም አልኩት። እሺ፣ እስከ ረመዳን መግቢያ አንድ እንግዳ ከመጣ ትቼሻለሁ፣ ካልመጣ ግን ዕቃሽን እጭናለሁ አለ። ፈረንጅ ማረፊያ የሚፈልግበት ነገር ስልኩ ላይ አለ፤ ስለ ቤቱ በእንግሊዝኛ ጻፉ ይላል። እኔ ድሬ ሄጄ በዚያ ሙቀት ልሞት ነው? ጻፍልኝ!»

ረመዳን ሊገባ የቀረው አንድ ወር ነው። ቤቱን ዙሪያውን አየሁት። ቀዩ መደብ፣ ከላይ እስከ ታች ግድግዳውን የሞላው ስፌት፣ እዚያ መሐል የተሰቀሉት ሳህኖች... ሠላሳ ዓመት ያጠራቀምኩትን በሙሉ ዘረገፍኩት። ላቭሊ አልኩ፣ ቻርሚንግ አልኩ፣ ስፕሌንዲድ አልኩ፣ በመጨረሻም ጎርጀስን ጨመርኩ። አሥራ አንድ ቅጽል! ናይስ የምትባል አንዲት እንኳ የለችበትም።

«በል ተርጉምልኝ» አሉ።

«ይህ ውብ፣ ማራኪ፣ ድንቅ፣ ዓይን የማይጠግበው...»

«አቁም!» ከመደቡ ብድግ አሉ። «ማሻአላህ በል! አንተ ሰው፣ ቤቴን በአፍህ ልትንድብኝ ነው?»

እናንተ ሆዬ፣ አትሳቁ። የሚወደድን ነገር ያለ ማሻአላህ በደረቁ ማድነቅ ክፉ ዓይን ይጠራል። እኛስ ብንሆን የሚያምር ሕፃን ስናይ «ኧረ ይሄ አስቀያሚ!» ብለን እትፍ እትፍ እንል የለ? ማሻአላህ አልኩ። ለእያንዳንዱ ቅጽል አንድ አንድ አስባሉኝ። ጎርጀስ ላይ ስንደርስ ድርግም፣ መብራት ጠፋ። መብራት እንደሆነ በየቀኑ ይጠፋል፤ እሳቸው ግን ጣታቸውን የቀሰሩት እኔ ላይ ነው።

ከዚያ እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ጻፍኩ። «ቤት አለ። ደህና ነው። ጣሪያው በክረምት በአንድ በኩል ያንጠባጥባል፤ ባልዲ አለ። የጎረቤት አውራ ዶሮ ቀደም ብሎ ይጮኻል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሻንጣ በእጅ ነው። ምግቡም ደህና ነው። አልሐምዱሊላህ።» እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ታይቶ ይታወቃል? በተማሪ ደብተር ላይ ባገኘው በቀይ እስክሪብቶ እሰርዘው ነበር። ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። እያዘንኩ ላክሁት።

ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ሦስት አለፈ፤ ዝር ያለ የለም። ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነስሩ ፒካፑን በሩ ላይ አቁሞ መጣ። እኔም ልሰናበታቸው ሄድኩ። ፍራሹ ተጭኗል፣ ሣጥኑ ተጭኗል። አይ ሩቅያ ስፌቶቻቸውን አንድ በአንድ እያወረዱ በነጠላ ይጠቀልላሉ። አያለቅሱም፤ እሱ ነው የባሰው።

ይህን ጊዜ ሻንጣ በእጃቸው አንጠልጥለው ሁለት ፈረንጆች ከች አሉ። ባልና ሚስት ናቸው፣ ሸምገል ያሉ፤ ጊደር መጋላ ገበያ ገብተው ጠፍተው ላባቸው ይንጠፈጠፋል። «ባልዲ ያለው ቤት ይህ ነው?» አለ ሰውዬው። ቤት ሲፈልጉ ሁሉም እንከን የለኝም እያለ አሰልችቷቸው፣ የሚያንጠባጥብ መሆኑን የነገራቸው ይሄ ብቻ ስለሆነ አመኑት። ሚስትየው ግማሹ የወረደውን ግድግዳ እንዳየች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጀመረች፤ ላቭሊ፣ ስፕሌንዲድ፣ ጎርጀስ፣ እኔ የማላውቃቸውን ሁሉ ጨመረችበት።

«ምን አለች?» አሉ አይ ሩቅያ።

እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ። ከእንግዲህ ዓይን አልጠራም ብዬ «ደህና ነው አለች» አልኩ።

ፊታቸው ጥቁር አለ። «ደህና? ባሕር ተሻግራ መጥታ ደህና? ይህን ስፌት እናቴ የሰፋችው ነው፤ ይህን ደግሞ እኔ ለሠርጌ! ደህና ለሚለኝ ሰው ቤቴን አላከራይም። ነስሩ፣ ጫን!»

«ኧረ አይ ሩቅያ!» ብዬ ደጁ ላይ ቆምኩ። «ዋሽቻለሁ! ውብ ነው አለች፣ ማሻአላህ! ድንቅ ነው አለች፣ ማሻአላህ! የሚያፈዝ፣ ማሻአላህ! ልብ የሚሰርቅ...» አማርኛው አለቀብኝ። አንዱን ሁለቴ ሳልለው አልቀረሁም። አይ ሩቅያ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ይኸው!» አሉ። «እንዲህ አትናገርም ከመጀመሪያው? ነስሩ፣ ፍራሹን አውርድ። እንግዶች መጥተዋል።»

ነስሩ እየሳቀ አወረደ። ሲጨርስ የት እንደሚያድር ቢጠይቅ እናቱ ክፍል የለም አሉት፤ እኔ ይዤው ሄድኩ። ሚስቴ ዶሮ ሠራችለት፣ እኔም የራሴን አልጋ ለቀቅኩለት። ጠዋት ሲነሳ ቤታችንን እንዴት እንዳገኘው ጠየቅኩት።

«ደህና ነው፣ ቲቸር» አለኝ።

ይኸው ሳምንቴ፤ እስካሁን ቅር እንዳለኝ ነው።