ክቡር አቶ አስረስና ጥቁሯ አውቶሞቢል

«ባለ አውቶሞቢል» ማለት፣ ለዚህ ጽሑፍ አፈጻጸም ሲባል፣ በበዓል ዋዜማ ከልጆቹ አስቀድሞ መኪናውን የሚያጥብ፣ ዝናብ ሲጥል በእግሩ የሚሄድ፣ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ የቤተሰብ ኃላፊ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቀበሌ አይገኝም። ለነፋስ ስልክ የደረሱት ክቡር አቶ አስረስ ናቸው።

ክቡርነታቸው በጃንሆይ ዘመን የገዟትን ጥቁር የጀርመን መኪና፣ አብዮቱ ሲፈነዳ አስመጪ ወኪሏ ጥሏት ሄደ። መለዋወጫ ይሸጥበት የነበረውም ቤት ስኳር በራሽን የሚታደልበት የኅብረት ሱቅ ሆነ። አቶ አስረስ ግን ደንበኝነታቸውን አላቋረጡም። ኮፍያቸውን አውልቀው በመስኮቱ ብቅ ይሉና «የፍሬን ሸራ ገባ?» ብለው ይጠይቃሉ።

«የገባው ሳሙና ነው፣ ጋሼ።»

«ግድ የለም፤ ይመጣል።»

ፋብሪካው ያንን ሞዴል መሥራት እንደተወ አንድ ወዳጃቸው በሐዘኔታ ነገራቸው። ጥቂት አሰቡና «ይጸጸታሉ» አሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ ይህን ሁሉ የሚታዘቡት ከጋቢናው ነው፤ ቆዳው እንዳይጨማደድ ከኋላ መቀመጥ አይፈቀድማ! ዳቦ ይዞ መግባት ጨርሶ የማይታሰብ ነው፤ በሩም የሚዘጋው ሕፃን የተኛበት ክፍል በር ያህል በቀስታ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ እሑድ በሰሌዳ ቁጥር ተራ ብቻ በሚነዳበት በዚያ ዘመን፣ ተራቸው ያልሆነ ዕለት አቶ አስረስ ከረባታቸውን አስረው ግቢ ውስጥ በቆመችው መኪና መሪውን ይዘው ይቀመጡ ነበር።

«አስረስ፣ ወዴት ነው?» ይላሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ በመስኮት።

«የትም። ቅር እንዳይላት ብዬ ነው።»

ጎረቤታቸው መካኒኩ ከድር «ጋሼ፣ ከሌላ መኪና አውጥቼ ላስማማልዎት» ባለ ቁጥርም መልሳቸው ያው ነው። «ለአባትህ የጎረቤት ጥርስ ትተክላለህ?»

«መብላት ካቃተው እተክላለሁ።»

አንድ ማለዳ የከድርን ሚስት ሐሚዳን ምጥ ያዛት። ቤንዚን ጠፍቶ ስለነበር የሚጮህ ታክሲ እንኳ አልተሰማም። አቶ አስረስ ቁልፋቸውን ይዘው ወጡ፤ ሐሚዳም በተከለከለው የኋላ ወንበር ተጋደመች፤ ከድርና ወይዘሮ ተናኘወርቅም አብረው ገቡ። ጎተራ ሰፈር ሳይደርሱ የቬንትሌተሩ ቺንጋ፣ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ተበጠሰና ሞተሩ ጋለ፤ ራዲያተሩም እንፋሎቱን ይተፋ ጀመር።

ከድር ኮፈኑን ከፍቶ አየ፤ ዞር ብሎ የወይዘሮ ተናኘወርቅን ወገብ አየ፤ ወዲያውም አፍሮ ዓይኑን ሰበረ። ወይዘሮዋ ገባቸው። መቀነታቸውን ሊፈቱ እጃቸውን ሰድደው ቀና ብለው የባላቸውን ፊት ተመለከቱ። ያንን ሞተር ከጀርመን ያልመጣ ነገር ነክቶት አያውቅም።

«ምን ታዪኛለሽ፣ ተናኘ! ፍቺው እንጂ!»

ከድር መቀነቱን ገምዶ በቺንጋው ቦታ አጥብቆ አሰረው። መኪናዋ እያቃሰተች፣ ሐሚዳም እያቃሰተች ሆስፒታሉ በር ደረሱ።

ዘበኛው ጥቁሯን መኪና ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመና ለአቶ አስረስ ከረባት እጅ ነሣ። ሐሚዳን ደግፎ የወረደውን ከድርን ግን ከእግር እስከ ራሱ ገላመጠው፤ ቱታው ዘይት የጠገበ ነው።

«ጌታዬ፣ ከወላዷ ጋር የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። እርስዎ ይግቡ፤ ሾፌሩ ውጭ ይጠብቅ።»

ሐሚዳ የባሏን እጅ አልለቀቀችም። ወይዘሮ ተናኘወርቅ የላላ ቀሚሳቸውን በእጃቸው ሰብስበው ይዘው የባላቸውን መልስ ጠበቁ። አቶ አስረስ እንዲህ ያለ ሰላምታ ካገኙ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።

«ሾፌሩ እኔ ነኝ» አሉ ኮፍያቸውን ለከድር አውልቀው። «ባለ መኪናው እሳቸው ናቸው። ቶሎ ያስገቧቸው፤ ኋላ እኔን ነው የሚቆጡኝ።»