በድምፅ ብልጫ የተሻረው መርፌ

ክብር ለኮሚቴ ይሁንና፣ በዚያ መሥሪያ ቤት ያለ ድምፅ ብልጫ የሚወሰን ነገር አልነበረም። የመጋረጃው ቀለምም፣ የሻይ ሰዓቱም እጅ ወጥቶበት ነው የጸደቀው። ስለዚህ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ የፕሮስቴት ካንሰር ሲገኝበት፣ ነገሩን ለሐኪም ብቻ መተው ኃላፊነት የጎደለው ተግባር መስሎ ታየ።

ሰውየው የሆርሞን መርፌ ጀምሯል። መርፌው ካንሰሩን የሚመግበውን የወንድ ሆርሞን ስለሚቀንስ፣ ካንሰሩ ሲራብ እሱም አብሮ ዛለ። ድንገት ላብ ያጠምቀዋል፤ አልጋ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር ለምዷል፤ አንድ ቀንማ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሲነበብ አለቀሰ። በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ሪፖርት የሰው ልብ ሲነካ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

አጀንዳ ተያዘለት። ዓይኑን ከስልኩ ስለማይነቅል «ፕሮፌሰር» የሚሉት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሰፊ ማብራሪያ ሰጠ፤ መርፌው ወንዱን ሴት እንደሚያደርግ፣ የዱባ ፍሬ ዱቄት ግን ካንሰርን ከሥሩ እንደሚነቅል፣ ሐኪሞችም ገበያቸው እንዳይቀዘቅዝ ይህን እንደሚደብቁ። መርፌው እንዲቆም ያለ ተቃውሞ ተወሰነ። በሽተኛው ድምፅ አልሰጠም፤ ጉዳዩ በግል ይመለከተዋል ተብሎ እንዲወጣ ተደርጓል።

ቀጣዩ መርፌ በማግስቱ ነበር። እውነት ለመናገር፣ ውሳኔው ሳያስደስተው አልቀረም፤ እንደ ድሮው መሆን አምሮታል። ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ነገራት።

«ይኼን ላብ እኮ እኔም የወር አበባዬ ሲቋረጥ ስንት ዓመት ተሸክሜዋለሁ» አለችው። «መስኮት ስከፍት ‹ብርድ ልታስመቺኝ ነው› ትለኝ አልነበር? ለእኔ ማን ኮሚቴ አቋቋመልኝ?»

«የእኔ እኮ ሌላ ነው።»

«ሌላማ ነው፤ ያንተው ላብ ዕድሜ ይቀጥልልሃል። ስማ፣ የአልጋውን ነገር እንደምንም እንሆናለን። አንተ የሌለህበትን አልጋ ነው የማልችለው። ነገ ተወጋ፤ ላቡንም፣ ለቅሶውንም፣ ያንንም ነገር ለሐኪሙ አፍ አውጥተህ ንገረው።»

በማግስቱ ተወጋ፤ ነገረውም። ሐኪሙ ተገረመ፤ ሰውየው እስከዚያ ቀን እንዴት ነዎት ሲባል «ተመስገን» ከማለት በቀር ቃል ወጥቶት አያውቅምና። ለላቡ መድኃኒት አዘዘለት፤ በየቀኑ በእግሩ እንዲሄድ መከረው፤ የደም ምርመራው ከፈቀደ ደግሞ መርፌውን በክትትል ለጊዜው ስለ ማቆም አብረው ሊመክሩ ተስማሙ።

መሥሪያ ቤቱ መወጋቱን ሰምቶ ተቆጣ። ሥራ አስኪያጁ በአዳራሹ ስብሰባ ላይ የአብላጫውን ድምፅ ጥሶ መታከም ለሌሎች መጥፎ አርአያ መሆኑን በጥብቅ አሳሰበ።

«እንግዲያው ውሳኔውን ለካንሰሩ አሳውቁልኝ» አለ ሰውየው። «እኔን አልሰማ ብሎኛል።»

ከአዳራሹ ሲወጡ ፕሮፌሰር ክርኑን ይዞ ወደ ጥግ ሳበው። ለካ እሱ ራሱ የዱባ ፍሬ ዱቄቱን ዓመት ሙሉ ሲቅም ከርሟል፤ ሽንቱ ግን ዛሬም ጠብ ጠብ ነው።

«ጋሼ፣ ያ ሐኪም የት ነው ያለው?» አለ በሹክሹክታ፣ ግራ ቀኙን እያየ። «በሞቴ፣ ለማንም እንዳትነግርብኝ። የዚህ መሥሪያ ቤት ሰው እንደሆነ ያላጣራውን ነው የሚያወራው።»