የአዲሱ አዳራሽ የመጀመሪያ ሰርቭ

ጓደኞቼ፣ ዛሬ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ተዋርጄ ነው የመጣሁት። ቁጭ ብላችሁ አንብቡ!

ቦንቱን አታውቋትም። ጌዶ ከተማ አብረን የተማርን ጓደኛዬ ናት። ትምህርት ቤቱ ጀርባ ጭቃ ላይ ገመድ ወጥረን ቮሊቦል ስንጫወት ካፒቴኗ እኔ ነበርኩ።

እሷ ተቀያሪ!

ዛሬ ተቀያሪዋ አምቦ፣ የዩኒቨርሲቲ ሴቶች ቡድን አሰልጣኝ ናት። ካፒቴኗ ደግሞ ቢሮ ቁጭ ብላ ደብዳቤ ላይ ማህተም ትመታለች።

የዩኒቨርሲቲው አዲስ ሁለገብ አዳራሽ ዛሬ በእሷ ቡድን ጨዋታ ተከፈተ። ምርቃቱም፣ ስብሰባውም፣ ኳሱም እዚያው ነው የሚሆነው። "ከፊት ወንበር ይዤልሻለሁ፣ እንዳትቀሪ" ብላ ደወለችልኝ።

ሄድኩ። እንከን ልፈልግ ነው የሄድኩት፣ ምን እደብቃለሁ?

እንከን የለም! ወለሉ ፊት ያሳያል። ቦንቱ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወዲያ ወዲህ ስትል ሁሉም "ኮች! ኮች!" ይላታል።

እኔ ብቻ አላልኳትም።

አጠገቤ አንዲት እናት ቆሎ ይቆረጥማሉ። ለእኔም ዘገኑልኝ። አፌ አላርፍ አለ፦ "አዴ፣ ይቺን አሰልጣኝ ያዩዋታል? እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ኳስ መረብ ማሻገር አትችልም ነበር! ሰው ይዛ ነው እንጂ እዚህ የምትደርስ አልነበረችም።"

ቆሏቸውን አላምጠው ዋጡ።

"የልጄ ሚስት ናት" አሉ።

የተረፈኝን ቆሎ እጃቸው ላይ መለስኩላቸው!

ይሄ ሳያንስ ቦንቱ ማይክ ያዘች። "ሰርቭ ያስተማረችኝ ጓደኛዬ እዚህ አለች። የመጀመሪያውን ኳስ እሷ ትመታልናለች። ሰብልዬ፣ ኮቱ! ነይ!"

በታኮ ጫማ ወለሉ ላይ አይወጣም ተባልኩ። አወለቅኩ። ስቶኪንጌ አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል። ሰው ሁሉ አየው።

መታሁ። ኳሱ መረቡን ትቶ ወደ ጎን በረረና የክብር እንግዶቹን ጠረጴዛ መታ። የውሃ ጠርሙሱ ሁሉ ረገፈ።

ሳቁን አትጠይቁኝ!

ቦንቱ ብቻ አልሳቀችም። "ወለሉ አዲስ ሆኖባት ነው፣ አጨብጭቡላት!" አለች። ተጨበጨበልኝ። ከሳቁ ይልቅ እሱ ባሰብኝ።

ስመለስ አማቷ ቦታዬን ይዘውልኝ ጠበቁኝ። "ልጄ፣ እኔ አልነግራትም" አሉኝ ቀስ ብለው። "አንቺው ራስሽ ንገሪያት።"

ጨዋታው ሲያልቅ (አሸነፉ፣ ሌላ ምን ጠበቃችሁ?) ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ያዝኳት። "ለአማትሽ ስላንቺ ክፉ አወራሁ። ቀንቼ ነው።"

ዓይኗ እንባ አቀረረ። አለቀልኝ ብያለሁ።

"ጌዶ ተቀያሪ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ" አለች በመጨረሻ፣ "ኳስ ሲያመልጥሽ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬም እውነቱን ልንገርሽ? ጠረጴዛውን ስትመቺው ትንሽ ደስ ብሎኛል።"

በሩን ተደግፈን እስኪያመን ሳቅን።

ታዲያ በባጃጅ ወደ ቤት ስመለስ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? አማቷ እንዴት ያሉ ሰው ናቸው! የእኔዋ አማት በእሳቸው ቦታ ቢሆኑ ኖሮ እዚያው ማይኩን ነጥቀው ነበር የሚናገሩት።

ቆይ ግን፣ ሰው በአማትም ይቀናል እንዴ?