አንድም መኪና ያላለፈበት ሰዓት

መጨናነቅን የታገሉ ሹማምንት ብዙ ናቸው። ድል የነሱት ግን፣ መዝገብ ይመስክር፣ የከተማው የትራፊክ ፍሰት መምሪያ ኃላፊ ብቻ ናቸው። ድላቸውም የቆመው በአንዲት ነጭ መስመር ላይ ነው።

መስመሯ የተሰመረችው ትልቁ አደባባይ መግቢያ ላይ፣ ከመምሪያው ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። ከጎኗ ቆጣሪዋ እትዬ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጎማ ያለው ነገር መስመሯን ባለፈ ቁጥር በእጃቸው የያዟትን መቁጠሪያ “ቀጭ!” ያደርጋሉ። የመምሪያው አሠራር ግልጽ ነው፤ በሰዓት ብዙ ካለፈ መጨናነቁ ብዙ ነው፣ ጥቂት ካለፈ ጥቂት ነው። ከዚህ የቀለለ ነገር ከየት ይመጣል?

ኃላፊው ሲሾሙ ቁጥሩ ሦስት ሺህ ነበር። ደነገጡ። ከአደባባዩ አራት መውጫዎች አንዱን አዘጉ፤ ቁጥሩ ወደ ሁለት ሺህ ወረደ። ሁለተኛውን አዘጉ፤ ዘጠኝ መቶ ገባ። ሦስተኛው መውጫ ላይ “ለአካባቢ ጥበቃ” ሲባል የሲሚንቶ የአበባ ማስቀመጫ ተደረደረ፤ አራት መቶ! ሾፌር ግን መቼ ምስጋና ያውቃል? መሪው ላይ ተደፍቶ እያንቀላፋ፣ ሲነቃ ኃላፊውን ይራገማል።

ጭሱም ቢሆን አልተረሳም። ብክለት የሚለካው አደባባዩ መሐል በተሰቀለ ነጭ ጨርቅ ነበር። ጨርቁ ገና ረፋድ ላይ እየጠቆረ ስላስቸገረ፣ ኃላፊው ጉዳዩን በጥልቀት አጥንተው በጥቁር ጨርቅ እንዲተካ አዘዙ። ከዚያ ወዲህ የመጥቆር ምልክት ታይቶበት አያውቅም።

ዝናቸው ሲናኝ ከበላይ መሥሪያ ቤት ሁለት ገምጋሚዎች ተላኩ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ መነጽራም። ከጠዋቱ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ቁጥሩ ከመቶ በታች ከሆነ፣ ኃላፊው የአገሪቱ ከተሞች ሁሉ የትራፊክ አዛዥ ይሆናሉ። የሹመት ደብዳቤው ተጽፎ መነጽራሙ ቦርሳ ውስጥ ተኝቷል፤ የቀረው ፊርማ ነው። ኃላፊው እንቅልፍ አጥተው አድረው፣ ማለዳ አራተኛውም መውጫ ላይ አበባ አስደረደሩ።

ሁለት ሰዓት ላይ አደባባዩ ጥርቅም አለ። ኃላፊው ገምጋሚዎቹን ሰገነት ላይ አቁመው፣ የጥሩምባውን ጩኸት በንግግር ሊያሸንፉ ይታገላሉ።

“እንደምታዩት ፍሰቱ ወደ ሰከነ ምዕራፍ ተሸጋግሯል!”

“እውነትም ሰክኗል” አለ ወፍራሙ።

ይህን ሲባባሉ የኃላፊው ስልክ ጮኸ። አማቻቸው ነው፣ የአንድያ ልጃቸው ባል።

“አባባ፣ ምጡ አፋፍሟታል! ታክሲ ውስጥ ነን፣ እዚሁ አደባባዩ አፍ ላይ! ሆስፒታሉ እኮ ማዶ ይታያል! እባክዎ መንገድ ያስከፍቱልን!”

ኃላፊው ቁልቁል ሲያዩ አማቻቸው የታክሲ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሸሚዙን ያውለበልባል። ከልጅም ልጅ፣ ዓይናቸው የሚያርፍባት እሷ! አበባው ይነሳ ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ደግሞ አሰቡት፤ አበባው ቢነሳ ያ ሁሉ መኪና መስመሯን ይጥሳል። ሰዓታቸውን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

“ሃያ ደቂቃ ብቻ ትታገሥ” አሉ።

“አባባ፣ ምጥ ነው እኮ! ስብሰባ አይደለም!”

ጩኸቱን የሰማው አንድ ጋሪ ገፊ ነበር፤ በመኪኖቹ መሐል እየተሽሎከለከለ የሽንኩርት ጆንያ የሚያመላልስ። ጆንያውን አስፋልቱ ላይ ዘረገፈው፣ ልጅቱን ከባሏ ጋር ተጋግዞ ጋሪው ላይ አጋደማት፣ “ዞር በሉ! ዞር በል አንተ!” እያለ ነጩን መስመር ጥሶ በአበባዎቹ መሐል ሾልኮ ሄደ።

ቆጣሪዋ እትዬ “ቀጭ!” አደረጉ።

ሦስት ሰዓት ሲሞላ መቁጠሪያው “አንድ” ይላል። ኃላፊው ሰገነቱን ተደግፈው ላባቸውን ሲጠርጉ ስልኩ እንደገና ጮኸ። “አባባ፣ ወንድ! ገና በር ላይ ስንደርስ ተገላገለች! ሁለቱም ደህና ናቸው! ያ ጋሪ ገፊ ባይኖር ጉድ ሆነን ነበር!” ኃላፊው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ተመስገን አሉ፤ የልባቸውን ነው ያሉት።

ወፍራሙ መዝገቡን እያገላበጠ ከንፈሩን መጠጠ። “አንድ… አይ! ዜሮ ቢሆን እኮ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ዳሩ ምን ይደረግ፣ ጋሪም ጎማ አለው።”

ኃላፊው እንባቸው ሳይደርቅ ወረቀትና ብዕር አስመጡ። “ከዛሬ ንጋት ጀምሮ የእጅ ጋሪ በአደባባዩ እንዳያልፍ በጥብቅ ተከልክሏል” ብለው ጻፉና ፈረሙ። ቆጣሪዋ ተጠሩ።

“እትዬ፣ ጋሪው ይሰረዝ።”

“በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ጋሪ?”

“የተከለከለ ነገር እንዴት ያልፋል? አላለፈም።”

“ጌታዬ፣ የተኛችበት እኮ ልጅዎ ናት!”

“እሷ ጎማ የላትም” አሉ ኃላፊው። “እሷን የሚመለከት መመሪያ የለም።”

ዜሮ ተጻፈ። ተጨበጨበ። ደብዳቤው ከቦርሳው ወጥቶ ተፈረመ፤ ኃላፊውም አዛዥ ሆኑ። ደስታቸው እጥፍ ስለሆነ ገምጋሚዎቹን በመኪናቸው ጭነው፣ “መጀመሪያ ሆስፒታል ጎራ ብለን የልጅ ልጄን ታያላችሁ፣ ከዚያ ምሳ በእኔ!” እያሉ ከግቢው ወጡ። በሩን እንዳለፉ መኪናዋ ቆመች።

ሩብ ሰዓት ሆነ። አንድ ሰዓት ሆነ። ጋሪ ገፊው ደንብ አስከባሪ ጋሪውን ነጥቆት የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ኃላፊውን ሲያይ ብድግ ብሎ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ።

“እንኳን ደስ ያለዎት ጌታዬ! እርስዎንም ባደርስዎ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ላድርግ…”

ኃላፊው መስታወቱን ዘጉ። ሆስፒታሉ ማዶ ይታያል። ወርደው በእግራቸው ቢሄዱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ግን አዛዡ በእግር ሲሄድ ገምጋሚዎቹ ምን ይላሉ? በዚህ መሐል ሚስታቸው ደወሉ። ድምፃቸው መኪናውን ሞላው።

“አንተ ሰውዬ፣ የት ቀረህ? ልጁ እኮ እጄ ላይ ነው! ልጅህ አባቴ የታለ ብላ እያለቀሰች ነው። መንገዱ ተዘጋ እንዴ?”

ከኋላ የነበረው የገምጋሚዎቹ ጨዋታ ቀጥ አለ። መነጽራሙ ጆሮውን አቀና። የሹመት ደብዳቤው ቀለም ገና አልደረቀም።

“ኧረ በፍጹም!” አሉ አዛዡ። “መንገዱ ላይ አንድም መኪና የለም።”

“ታዲያ ምን ያዘህ?”

አዛዡ ከፊታቸው የተኮለኮለውን የመኪና መዓት አዩ፣ በመስታወት ከኋላቸው ያሉትን ገምጋሚዎች አዩ።

“ሥራ” አሉ።