ቃዲ ኑርሁሴንና አልነሳም ያለው ሰርቨር

ማሽን ሲበላሽ ምርመራውን ከሰው የሚጀምር ባለሙያ የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ካለም ገና ማሽን አልገባለትም ማለት ነው። ይህ ሰው ሲጠሩት አይሮጥም። እናንተ እሳት ላይ እንደቆመ ሰው ስትቁነጠነጡ እሱ ወንበር ይስባል፣ ጉልበቱን ያሻሻል፣ ቀጥሎም ደህንነት ይጠይቃል። የማሽኑን አይደለም፤ የእናንተን፣ የልጆቻችሁንና የዝናቡን።

ከሚሴ ውስጥ ባለ አንድ የጤና ኮሌጅ ይህን ማዕረግ የያዙት የአይሲቲ ክፍሉ ኃላፊ ኑርሁሴን ናቸው። ሠራተኛው በሙሉ ቃዲ ይላቸዋል፤ ምስክር ሳይሰሙ አይፈርዱማ። አንድ ኮምፒውተር አልከፈት ካለ ቃዲው ከግቢው በር ጀምረው ጥበቃውን፣ ጸሐፊዋን፣ ሻይ የሚጠጣውን መምህር ሁሉ «ኦዱን ማሊ?» እያሉ ይመጣሉ። ወሬው ምንድን ነው ማለታቸው ነው። ወሬ ሳይሰሙ ኪቦርድ መንካት በእሳቸው ሕግ ነውር ነው።

ይህን የተማሩት ከአባታቸው ነው። አባትየው ባቲ ገበያ ግመል ሲሸጡ ሲለውጡ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ከአፋሮቹም ዳጉን ወርሰዋል፤ መንገደኛና መንገደኛ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትን የሰሙትን ሁሉ የሚነጋገሩበትን ወግ። ግመል የጠፋበት ሰው ዱካ ከመከተሉ በፊት ከመንገድ የመጣ ሰው ይፈልግ ይሉ ነበር። ልጃቸው ግመሉን በኮምፒውተር ተክተው ሕጉን እንዳለ ይዘውት ቀሩ።

ደግሞ ይሠራል! የቤተ መጻሕፍቱ ኢንተርኔት በየሳምንቱ በአንድ ቀን እየጠፋ ባለሙያ ሁሉ ግራ ሲጋባ፣ ቃዲው ግማሽ ቀን ወሬ ሲጠይቁ ውለው ነገሩን ደረሱበት። ጥበቃው አቡበከር ሰንበቴ ገበያ በሚሄድበት ቀን፣ እኔ ሳርፍ ማሽኑም ይረፍ ብሎ ሶኬቱን ይነቅለው ነበር። እርግጥ አንዳንዴ ወሬው ሳያልቅ ችግሩ ራሱ ሰልችቶት ይሄዳል። ቃዲው ይህንንም ከድሎቻቸው ይቆጥሩታል።

በዚያው ክፍል አብራቸው የምትሠራው ነኢማ ታዲያ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ናት። ሩጫ ነው ነገሯ። ኮሌጁ እንደገባች አሮጌዎቹን ሰርቨሮች አስጥላ ሁሉንም አንድ ትልቅ ማሽን ውስጥ አስገባቻቸው። በእጅ ቢዳስሱት ማሽኑ አንድ ነው፤ ውስጡ ግን ቨርቹዋል የሚባሉ ሰርቨሮች በአንድ ግቢ እንዳሉ ተከራዮች ይኖራሉ፤ አንዱ የቤተ መጻሕፍቱ፣ አንዱ የሒሳብ ክፍሉ፣ አንዱ የሬጅስትራሩ። ሠራተኞቹን የወረቀት መዝገቡን ተዉት፣ ከእንግዲህ እኔን እመኑኝ ብላ ያስተወቻቸውም እሷው ናት።

አንድ ጧት መብራት ሄዶ ተመለሰ። ተከራዮቹ ሁሉ ሲነሱ የሬጅስትራሩ ሰርቨር ብቻ አልነሳም አለ። ቀኑ ደግሞ የሚመረቁት ተማሪዎች ስም ለሙያ ፈተናው የሚላክበት የመጨረሻው ቀን ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያልተላከ ስም ለመጪው ዓመት ያድራል። ስሙ ያለው ያ እምቢተኛ ሰርቨር ውስጥ ነው። ተማሪዎቹ ወሬውን ሰምተው ግቢውን ሞልተውታል፤ ሬጅስትራሯ ሱዓድ በሩ ላይ ቆማ የሻሿን ጫፍ ትነክሳለች።

ነኢማ ማስነሻውን ስትጫን ሰርቨሩ ይሞክርና መልሶ ይተኛል። አንድ ዕቃ አጣሁ የሚል መልእክት ከረጅም ቁጥር ጋር ይጽፋል፤ የትኛው ዕቃ እንደሆነ ግን ከቁጥሩ አይታወቅም። እሷ መብራቱን ጠረጠረች። ትናንት ደህና ያመሸ ነገር መብራት ሄዶ ሲመጣ ከተበላሸ ያበላሸው መብራቱ ነው፤ ይህን ማን ይክዳል? ማሽኑን ከፈተች፣ ዲስኮቹን አንድ በአንድ ፈተሸች፣ ሚሞሪውን ነቅላ ሰካች። ሁሉም ጤነኛ ነው።

በዚህ መሀል ክቡር ቃዲው ወንበራቸውን ይዘው ገቡ። አቡበከርን ጠየቁ፣ መልሱን ሰጥቶ ወደ በሩ ሮጠ። ሱዓድን ጠየቁ፣ መልሷን ሰጥታ ወደ ተማሪዎቹ ሮጠች። ነኢማንም ጠየቁ፤ ፊቷን ሳታዞር ሰዓቱ እየሄደ መሆኑን ነገረቻቸው።

«አብሽሪ ነኢማየ» አሉ።

አብሽሪ ማለታቸው ያን ቀን አላጽናናትም፤ እንዲያውም አበሳጫት። የሚብሰው ደግሞ ምስክሩ ሁሉ አልቆ ቃዲው ፍርድ ማጣታቸው ነው። እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም። ወንበራቸው ላይ ትንሽ ሆነው ታዩዋት።

«አባቴ ቢኖር» አሉ ቀስ ብለው፣ «አንድ ሰው ዘለሃል ይለኝ ነበር። ዳጉ የሚከሽፈው ሰው ሲዘለል ነው።»

ነኢማ እጇን ከኪቦርዱ አነሳች። ያን ሁሉ ጊዜ አብራቸው ሠርታ ያላየችውን ነገር ያን ጊዜ አየችው። በዳጉ የጠየቀ ይጠየቃል፤ ወሬ የተቀበለ ወሬ ይሰጣል። እዚህ ኮሌጅ ግን ሰው ሁሉ መልሱን ሰጥቶ ወደ ሥራው ይሮጣል እንጂ ቁጭ ብሎ እሳቸውን መልሶ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። እሷም ጭምር። ወንበሯን አዞረች።

«ጋሽ ኑርሁሴን፣ የአንቱስ ወሬ ምንድን ነው?»

ቃዲው ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው እርጥብ ሆነ።

«ወላሂ፣ እዚህ ቤት ይህን የጠየቅሽኝ አንች ብቻ ነሽ» አሉና ጉልበታቸውን አሻሹ።

ከዚያ ወሬያቸውን ከጨፋ ጀመሩ። ጨፋ ያለችው ላማቸው ወልዳ እንግዴ ልጁ አልወርድ ብሏት ነበር። ሐኪሙን ለማምጣት ሲወጡ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ጠበቃቸው። ሱዓድ በሩ ላይ ሆና በዓይኗ ትለምናለች፤ ነኢማ ግን በልቧ እየተቃጠለች ታዳምጣለች፤ የተጀመረ ዳጉ አይቋረጥም። ከላሚቱ ወደ ጎረቤታቸው ማሽላ ተሻገሩ፣ ከማሽላው ወደ ባለፈው ጁምዓ።

«ጁምዓ ዕለት ደግሞ ሾፌራችን ከማል መጣ። ወንድሙ ኒካህ አስሮ ሊያገባ ነው፤ መንዙማውን የሚቀዳበት አጥቷል። እኔም እዚያ ማሽን ጀርባ ተሰክታ የነበረችውን ጥቁሯን ሃርድ ዲስክ ነቅየ ሰጠሁት። በረመዳን የሬጅስትራሩን ፋይል መጠባበቂያ የቀዳሁባት ናት። ሥራዋን ጨርሳ ዝም ብላ ተቀምጣ…»

ነኢማ ወንበሯን ገልብጣ ተነሳች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጥቁሯ ዲስክ ከሬጅስትራሩ ሰርቨር ንብረቶች እንደ አንዱ ተመዝግባ ቀርታለች። ሰርቨሩ እየሠራ ሳለ ብትነቀልም ግድ አልሰጠውም። መብራት ሄዶ እንደ አዲስ ሲነሳ ግን ንብረቱን ቆጠረ፤ አንዲቱ ጎደለች፤ እሷ ካልመጣች አልነሳም አለ። ነኢማ የዛሬውን መብራት ስትከስ ጥፋቱ የጁምዓው ነበር። ከማልን መጠበቅ እንኳ አላስፈለገም፤ ዲስኳን ከሰርቨሩ ንብረቶች ሰረዘቻትና ማስነሻውን ተጫነችው።

ተነሳ። እንደ ወትሮው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተነሳ። ሱዓድ እልልታዋን አቀለጠችው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የሁሉም ተማሪ ስም ተላከ፤ አንድም አልቀረም። ግቢው በጭብጨባና በፉጨት ተናወጠ፣ አቡበከር የግቢውን በር ከፍቶ ለመንገደኛው ሁሉ ወሬውን አደለ። ነኢማን ጓደኞቿ እየጎተቱ አወጧት፣ ተማሪዎቹም ወደ ላይ ሊያነሷት ምንም አልቀራቸውም። ከደስታዋ ብዛት ስቃም አልቅሳም ነበር።

ቃዲው አፍረው ይሆን ብላችሁ እንዳታስቡ። «ዳኛውን ተከሳሽ ሆኖ አገኘሽው፤ የአባቴ ሕግ ረታ እኮ!» ብለው እጃቸውን እስኪያማቸው አጨበጨቡላት።

ሰው ሁሉ ደስታውን ይዞ ሲበተን ግን እሳቸው እዚያው ወንበራቸው ላይ ቀሩ። ነኢማ ከጓደኞቿ እጅ አምልጣ ተመለሰች። የገለበጠችውን ወንበር አንስታ ከፊታቸው ተቀመጠች።

«ጋሽ ኑርሁሴን፣ ላሚቱስ ምን ሆነች?»

ቃዲው ጉልበታቸውን አሻሹና ከመጀመሪያው ጀመሩ።