የሁለት ቀን ድንኳን

ልጄ ሶልያና ሞታለች። አራት ዓመቷ ነበር።

ይህን ያስቀደምኩት በኋላ ግራ እንዳይገባችሁ ነው እንጂ የማወራችሁ ስለ ማኅበር ነው። እኛ ማኅበር እንወዳለን። ሦስት ሰው አንድ ጠረጴዛ ከከበበ አንዱ ሊቀመንበር፣ አንዱ ጸሐፊ ይሆናል፤ የቀረው አባል ነው። ማኅበር ካለ ማኅተም አለ፣ ማኅተም ካለ ባነር አለ፣ ባነር ካለ ደግሞ ኮፍያና ቲሸርት መኖሩ አይቀርም። ሥራውስ? እሱ ወደፊት ይታያል። አልቀልድባቸውም፤ እኔም ማኅበርተኛ ነኝ፣ የእድር። እድራችን ማኅተም፣ ድንኳንና መተዳደሪያ ደንብ አለው። በደንቡ ለአዋቂ ድንኳኑ ሦስት ቀን ይቆማል፣ ለሕፃን አንድ ቀን። ደንቡን ያወጡት አባቶች ክፉዎች አልነበሩም። በእነሱ ጊዜ ሕፃን ብዙ ይሞት ስለነበር ድንኳኑ አልዳረስ ብሏቸው ነው።

ለሶልያናም አንድ ቀን ቆመላት።

ቤታችን ቃሊቲ፣ አቃቂ ወንዝ ዳር ነው። ከላይ ያሉት ፋብሪካዎች ሲሠሩ ውሃው ቀለም ይቀይራል፤ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንዳንዴም አረፋ ደርቦ ይመጣል። ሶልያና ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ «አባዬ፣ ወንዙ ዛሬ ምን ለበሰ?» ትለኝ ነበር። ወጥቼ አይቼ እነግራታለሁ። ሲረፍድ ደግሞ ከልጆቹ ጋር ወርዳ ራሷ ታየዋለች። የታመመች ጊዜ ሐኪሙ «ከውሃው ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በላይ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ከቀብሩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሸምሱ ሱቃቸው በር ላይ ጠሩኝ።

«የተማሩ ሰዎች ድንኳኑን ተከራይተዋል» አሉኝ። «የአካባቢ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ማኅበር ነው ያሉኝ። ዓለም አቀፍ። ምስረታ አላቸው። ወንዝ አጠገብ ይሁንልን ብለው ያንተን ቤት ጎን ሜዳውን መርጠዋል። ድንኳኑን ልጆቹ ይትከሉት፣ አንተ ይቅርብህ።»

«ለስንት ቀን ነው?»

ጋሽ ሸምሱ ንጹሑን ሚዛን መወልወል ጀመሩ። «ለሁለት» አሉ።

እኔም እተክላለሁ አልኳቸው። ቂም ይዤ እንዳይመስላችሁ። አንድ ነገር ፈልጌ ነው። ከነዚህ ሁሉ ባለሙያዎች አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ ወርዶ ወንዙን እንዲያይልኝና ምን እንደሆነ እንዲነግረኝ። የሶልያና ታናሽ ወንድም መዳህ ጀምሯል። በቅርቡ ይራመዳል፤ ወዴት እንደሚሄድም ይታወቃል።

ቀኑ ደረሰ። ያኔ የባቡሩ መንገድ እየተቆፈረ ስለነበር ከመሀል ከተማ ቃሊቲ ድረስ መምጣት ራሱን የቻለ ጉዞ ነበር። ባለሙያዎቹ አቧራ ለብሰው፣ አርፍደውና ተመናምነው መጡ። ከወንበሩ ባዶው ይበዛል። ዓለም አቀፍነቱ ከናይሮቢ የመጣ አንድ እንግዳ ነው፤ የፊት ረድፍ ላይ ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል። ሁሉም አረንጓዴ ኮፍያ አድርገዋል። ሰብሳቢው፣ ኢንጂነር ነው የሚሉት፣ ማይክሮፎኑን ይዞ «ከአዳራሽ ወጥተን ወደ ሕዝቡና ወደ ተፈጥሮ የወረድንበት ቀን ነው» ሲል ነፋስ መጣ።

ከተፈጥሮ በኩል ነው የመጣው። እንግዳው መሐረቡን ከግንባሩ ወደ አፍንጫው አወረደ።

ኢንጂነሩ ዞሮ ሲያይ ገመድ ይዤ ያገኘው እኔን ነው። «ወንድሜ፣ በዚያ በኩል ያለውን ሸራ ልቀቅልን እስቲ» አለኝ። ለቀቅኩት። የወንዙን በኩል በደንብ አድርጌ ዘጋሁና ከታች አሰርኩት። ወንዙ ጠፋ። ስብሰባው ቀጠለ።

አሁን ልብ በሉ። በእኛ ሰፈር ድንኳን ሲቆም ማንም «ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ማን እንደሆነ ብቻ ነው የሚጠየቀው። የእኔ ቤት ጎን የቆመን ድንኳን ደግሞ መጠየቅም አያስፈልግም። እማማ ዘነቡ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊት ገቡ፤ ከኋላቸው ሴቶቹ ተከታትለው ገቡ። በአንዱ ቀን ያልደረሱት ናቸው፤ ፋብሪካ ተረኛ የነበሩ፣ አገር ቤት የሄዱ፣ ያልሰሙ። ባዶዎቹን ወንበሮች ሞሏቸው። ከዚያ አለቀሱ።

«ድንኳኑ ፈርሶ ደረስን ብለን ስንቆጭ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ እማማ ዘነቡ አንገቴን ይዘው። «እንኳን መልሳችሁ ተከላችሁት።»

ልትነግራቸው ይገባ ነበር ትላላችሁ። እናንተ ብትሆኑ ትነግሯቸው ነበር?

ኢንጂነሩ ፊቱ በራ። ሲጀምር ሰው አልመጣም ብሎ ነበር የተጨነቀው። ካሜራ ለያዘው ልጅ ወንበሮቹን ከዳር እስከ ዳር ፎቶ እንዲያነሳ በእጁ አመለከተው። እንግዳው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ሴቶቹ ምን እንደሆኑ ጠየቀው። የእኔ እንግሊዝኛ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ኢንጂነሩ ሲመልስለት «ደስታ» ያለውን ግን ለየሁት። እንግዳው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሴቶቹን እጅ ነሳና አጨበጨበ።

ማኅበሩን ለመመስረት ድምፅ ተሰጠ። «የምትደግፉ!» ተባለ።

እማማ ዘነቡ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እጅ ይነሳ ነው፣ እማማ።»

«ለሶልያና ነው?»

«አዎ» አልኩ።

እጃቸውን አነሱ። ሴቶቹ ሁሉ አነሱ። ተቃውሞ የለም፣ ድምፀ ተአቅቦ የለም። ማኅበሩ በሙሉ ድምፅ ተመሰረተ።

ጥያቄ ያለው ሲባል ተነሳሁ። «ወንዙ ከዚህ ሸራ ጀርባ ነው» አልኩ። «ልጄ ሞታብኛለች። አንድ ልጅ ቀርቶኛል። ከእናንተ አንድ ሰው ወርዶ ቢያይልኝ።»

ኢንጂነሩ ክፉ ሰው አይደለም። ኮፍያውን አወለቀ። «እግዜር ያጽናህ» አለኝ፣ ከልቡ። ቀጥሎ ኮፍያውን መለሰና፣ «ያነሳኸው በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። በስትራቴጂክ እቅዳችን ይካተታል። ግን ማኅበራችን ዛሬ ገና መወለዱ ነው፤ ሕፃን ነው። ጊዜ ስጡት» አለ።

ሕፃን ከሆነ በደንቡ አንድ ቀን ነው። ተቀመጥኩ።

ባለሙያዎቹ ለምሳ በአውቶቡስ ሄዱ፤ ነገ ለመዝጊያው ሊመለሱ። ሸራውን ገልጦ ያየ የለም። ሴቶቹ አልተነሱም። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሸምሱ ሱቃቸውን ዘግተው የእድሩን ወንዶች ይዘው መጡ። ሴቶቹን፣ ከዚያ ባነሩን፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«እስከ ነገ ድረስ ድንኳኑ የማን ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። የሶልያና እናትም ልጁን አዝላ ከቤት ወጣችና ከእማማ ዘነቡ አጠገብ ተቀመጠች። ከቀብሩ ወዲህ ሰው መሀል ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። ልጄ ሁለተኛ ቀኗን እንዲህ አገኘች፣ ዓለም አቀፍ ከሚል ባነር ሥር።

ሊመሽ ሲል ሰው «ያጽናችሁ» እያለ ተበተነ፤ ሚስቴም ልጁን ልታስተኛ ገባች። ወንበሮቹን ደረደርኩ። ከዚያ በወንዙ በኩል ሄጄ ቋጠሮውን ፈታሁና ሸራውን ወደ ላይ ሰቀልኩት፤ ነገ ሲመጡ የሚወርድ እንዳይሆን ገመዱን ደጋግሜ አሰርኩት። ጎንበስ ብዬ ውሃውን አየሁ።

«ዛሬ አረንጓዴ ለብሷል» አልኳት።